ከወጨጫ ጫፍ በታች የተመለስን ዕለት

የወጨጫን ተራራ ከአዲስ አበባ ሆኖ የሚያየው ሰው ይንቀዋል። ከከተማው በስተምዕራብ ተጋድሞ ስለሚታይ፣ ቁርስ ተበልቶ ተወጥቶ ለምሳ ቤት የሚደረስ ይመስላል። ጫፉ ግን 3,385 ሜትር ነው። በመናገሻ ሱባ ደን በኩል ከተነሱ ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ሽቅብ አለው። በዚያ ልዩነት ብቻ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይወርዳል።

ሥራዬ ሰው ተራራ ማውጣት ነው። ደንበኞቼ በብዛት የመሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው፤ ቅዳሜ ማለዳ ሚኒባስ ይዘን በሰበታ በኩል እንሄዳለን። የዚያን ዕለቱ ቡድን የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ነበሩ። ወጣቱ አለቃቸውም አብሮ መጥቷል። ከእኔ ጋር ደግሞ መንገዱን የሚመሩን የአካባቢው ሰው ነበሩ። ወሩ ሚያዝያ ነው። በበልግ ጠዋቱ ብሩህ ይሆንና ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ይገለበጣል። ስለዚህ ገና ደኑ በር ላይ ሰብስቤ አንድ ነገር አስማማኋቸው፦ የትም ብንደርስ፣ 7 ሰዓት ሲሆን ፊታችንን እናዞራለን። ሁሉም "እሺ" አሉ። እግር ሳይደክም፣ ጫፉም ሳይታይ እሺ ማለት አይከብድም። ለዚህ ነው እዚያው ማስማማት ያለብኝ።

የሱባ ደን ደስ ይላል። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጥዱና ዝግባው ቀና ብሎ ለማየት አንገት ያሳምማል። ጉሬዛ በቅርንጫፍ ላይ ሲዘል ያየ ሰው ድካሙን ይረሳል። ዕድለኛ ከሆነ የምኒልክ ድኩላም ያያል። ከፍ ሲሉ ኮሶው ይመጣል፣ ከዚያ አስታው፣ ከዚያ ገላጣው ሣር።

አስታው ጋ ስንደርስ ከሒሳብ ክፍል የመጡት ወይዘሮ ድንገት ቆሙ። የቀኝ እግር ጫማቸው ሶል ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። ጫማው ሲታይ አዲስ ነው። ከውጭ የተላከላቸው፣ ለዓመታት ካርቶን ውስጥ የተቀመጠ። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፦ ፖሊዩሬታን ከሚባለው ነገር የተሠራ ሶል ሳይደረግም ያረጃል። የአየር እርጥበት ውስጥ ውስጡን ይበላዋል፤ ከዚያ ሽቅብ ሲወጡበት ይፈረፈራል። ማስቲሽም አያድነው። ከቦርሳዬ ሰፊውን ፕላስተር አውጥቼ ጫማውን ዙሪያውን ጠቀለልኩት፣ በላዩ በገመድ አሰርኩት። መራመድ ቻሉ። ግን በዝግታ ነው።

ሰዓቱ 6 ከ40 ሆኗል። ጫፉ ከፊታችን ነው።

"እትዬ እዚህ ይረፉ፣ ደርሰን ስንመለስ እንወስዶታለን" አለ አለቃቸው።

"ሂዱ ልጆቼ፣ እኔ የት እጠፋለሁ?" አሉ እሳቸውም።

እንደማይሆን ነገርኩት። "እሺ፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ከሳቸው ጋር ቆዩ" አለ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ግን ከላይ ያለውን መንገድ በጉም ውስጥ የሚያውቁት የአካባቢው መሪያችን ብቻ ናቸው። ጉም ከወረደ ደግሞ የተለያዩ ሁለት ቡድኖችን ማገናኘት ጭንቅ ነው፤ ስልክም በፈለጉት ሰዓት አይሠራም። ቡድን የሚሄደው በዘገየው ሰው እርምጃ ነው። ይህን የምለው ለእሳቸው አዝኜ ብቻ አልነበረም፤ ለሁሉም ብዬ ነው።

እየተነጋገርን ሳለ መሪያችን በዱላቸው ወደ ደቡብ አመለከቱ። ደመናው ጠቁሯል። ብልጭ አለ። መቁጠር ጀመርኩ። ነጎድጓዱ የተሰማው ከ15 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ስለዚህ መብረቁ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚርቀው። ገላጣ ሸንተረር ላይ ለቆመ ሰው ይህ ቅርብ ነው፣ በጣም ቅርብ። "ሁላችንም እንወርዳለን" አልኩ። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም፤ የተኮሳተረ ግን ነበር።

በረዶው አስታው ውስጥ ያዘን። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር መጠለልን ከለከልኩ። ጥቅጥቅ ያለው ደን ውስጥ እስክንገባ ማንም አልቆመም። ወይዘሮዋ መሪያችንን ተደግፈው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ደኑ በር ስንደርስ ገና ብርሃን ነበር። እኛ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ነው የሚመጣው፤ ጥድ ሥር ደግሞ ይብሳል። አለቃቸው እስከ ከተማ ድረስ አልተናገረኝም። እኔም ውሳኔዬን ለማለስለስ አልሞከርኩም።

በኅዳር ደወለ። እንደገና ወጨጫ መውጣት ይፈልጋሉ። መጀመሪያ እግራቸውን እንጦጦ ላይ እንዲያፍታቱ፣ ከዚያ የረርን እንዲሞክሩ መከርኩት፤ የረር 3,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጥሩ መለማመጃ ነው። ስለ ዝቋላም ጠየቀኝ። አናቱ ላይ ሐይቅ አለ፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳምም እዚያው ነው። ስለዚህ እንደ ሌላው ተራራ ተጯጩኾ አይወጣም አልኩት።

ወጨጫ የሄድነው ሰማዩ ጥርት ባለበት ቅዳሜ ነው። የሁሉንም ጫማ በዋዜማው በእጄ እያጠፍኩ አየሁ። ወይዘሮዋን ከፊት አስቀደምናቸው፤ ከእሳቸው ማንም እንዳያልፍ ተስማማን። ምሳችንን ጫፉ ላይ በላን። የመመለሻውን ሰዓት ደኑ በር ላይ ቆሞ ለሁሉም የተናገረው አለቃቸው ነበር።