«ታዲያ መተንፈሱን በምን አውቃለሁ?»

የምሠራው ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚታከሙበት ጽኑ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። ነርስ ነኝ። ከብዙ ገጠመኞቼ መካከል ይህኛው ከአእምሮዬ አይጠፋም፤ ጥፋቱ የእኔ ነበርና።

ልጁ የተወለደው በእርግዝናው 30ኛ ሳምንት ነው፤ 1,250 ግራም ይመዝናል። በዚህ ዕድሜ ሳንባው ገና አልጠነከረም፤ ገላውንም በራሱ ማሞቅ አይችልም። መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን የሚያቀናጀው ወደ 34ኛው ሳምንት ገደማ ስለሆነ፣ እስከዚያ የእናቱን ወተት በቀጭን ቱቦ ይወስዳል።

እናቱ አንድም ቀን አልቀረችም። ቀለበቷን አውልቃ እጇን እስከ ክርኗ ትታጠባለች፣ ያለበችውን ወተት ታስረክበኛለች፣ ከዚያ ልጁን የሚያሞቀው ሣጥን፣ ኢንኩቤተሩ አጠገብ ትቀመጣለች። «ሲስተር፣ ዛሬስ እንዴት ነው?» ትለኛለች። እኔም የልጁን ኦክስጅንና የልብ ምት በቁጥር ወደሚያሳየው ሞኒተር እያመለከትኩ «ይኸው፣ ኦክስጅኑ 94፤ የልብ ምቱም ጥሩ ነው» እላታለሁ። ዳይፐር የምቀይረው እኔ፣ ሙቀት የምለካው እኔ፣ ወተቱን የምሰጠው እኔ። ሥራው ይበዛል፤ እጄም ፈጣን ነው። እሷን ማሳረፌ መስሎኝ ነበር።

ስድስት ሳምንት አለፈ። ልጁ ክብደት ጨመረ፣ ጡት ያዘ። ስታጠባው እንኳ ዓይኗ ከሞኒተሩ አይነቀልም ነበር። አንድ ጠዋት «በዚህ ሳምንት ቤታችሁ ትገባላችሁ» አልኳት። ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ዳመነ።

«እሱንስ ይዘነው እንሄዳለን?» አለችኝ፣ በአገጯ ወደ ሞኒተሩ እያሳየች።

«አይ፣ እሱማ እዚሁ ነው የሚቀረው።»

«ታዲያ መተንፈሱን በምን አውቃለሁ?»

የምመልሰው ጠፋኝ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ያስተማርኳት ቁጥር ማንበብን እንጂ ልጇን ማየት አልነበረም። በገዛ ልጇ ላይ እንግዳ አድርጌያት ኖሯል።

ሐኪሙን አነጋግሬ ጥቂት ቀን አስጨመርኩ። ማስጠንቀቂያ ድምፁ እንደበራ ሆኖ የሞኒተሩን ፊት ወደ እኔ አዞርኩት። «አሁን እሱን ብቻ እይው» አልኳት። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ትንፋሹ ወጥ አይደለም። አምስት፣ አንዳንዴም አሥር ሰከንድ ያህል ቆም ይልና ቶሎ ቶሎ ተንፍሶ ይቀጥላል። ይህ ሊያስደነግጣት አይገባም። እስከ 20 ሰከንድ ከቆየ፣ ወይም ከንፈሩና ምላሱ ከጠቆረ ግን አደጋ ነው። ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል እያየች በሹክሹክታ ስትቆጥር ሰማኋት።

ቀጥሎ መንካት መጣ። በጣቷ ጫፍ ጀርባውን ቀስ አድርጋ ዳሰሰችው። ልጁ ደነገጠ፤ አምስቱን ጣቶቹን ዘርግቶ እጁን ወደ ላይ አነሳ፣ ስቅታም ያዘው። እጇን እሳት እንደነካ ሰው ሰበሰበች። «ጠልቶሽ አይደለም» አልኳት፤ «እንዲህ ያለ ዳበሳ ለቆዳው ስለሚበዛበት ‹በቃኝ› እያለሽ ነው።» አንዱን መዳፏን ጭንቅላቱ ላይ፣ ሌላውን የተሰበሰቡ እግሮቹ ላይ አስቀመጥንለት። ሳታንቀሳቅስ፣ ጠበቅ አድርጋ። ስቅታው ቆመ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ታጠፉ።

«እጄን ብቻ?» አለችኝ። እንባዋ ይወርድ ነበር።

አባትየው ይበልጥ ፈሪ ነበር። የሸሚዙን ቁልፍ ሲፈታ እጁ ይንቀጠቀጣል። ልጁን በዳይፐርና በኮፍያ ብቻ ደረቱ ላይ አስተኛንለት፤ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ዞር ብሎ፣ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ታጥፈው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለቱም እንቅልፍ ሊወስዳቸው ደረሰ፤ ልጁ እንዳይንሸራተትበት ግን አባትየውን ቀስ ብዬ ነቃ አደረግሁት።

ልጅን እንዲህ ገላ ለገላ ደረት ላይ ማቀፍ የካንጋሮ እንክብካቤ ይባላል፤ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ዶክተር ኤድጋር ሬይ የጀመሩት ኢንኩቤተር አልበቃ ብሎ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች ያስተባበረውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት ደግሞ፣ ልጁ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ከተወለደ ብዙም ሳይቆይ ሲጀመር ሞትን በ25 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጥናቱ የተሠራው ከ1 ኪሎ እስከ 1.8 ኪሎ በሚመዝኑ ሕፃናት ላይ ነው። እኔ የምንከባከበው ይህ ልጅም ሲወለድ በዚያው ክብደት ውስጥ ነበር። ይህንን ሁሉ እያወቅኩ፣ ጊዜ ሲተርፈኝ ብቻ ግማሽ ሰዓት እሰጣቸው ነበር። ዛሬም ይቆጨኛል።

ከመውጣታቸው በፊት የመጨረሻዋን ሌሊት ከልጃቸው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ፣ ያለ ሞኒተር አደሩ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሬን ይዤ በሩን ቀስ ብዬ ከፈትኩ። እናትየው ልጁን ደረቷ ላይ አድርጋ ነቅታለች። ገና አፌን ሳልከፍት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«36.8 ነው፣ አሁን ለካሁት» አለችኝ በሹክሹክታ። «ይኼ የምትሰሚው ድምፅ አፍንጫው ትንሽ ታፍኖበት ነው። ከንፈሩን አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው።»

በሩን መልሼ ዘጋሁላቸው።