ቢጫ ሆነው የቀሩት ጉድጓዶች
ዛሬ ከሰዓት በኋላ 96 ትናንሽ ጉድጓዶች ያሉትን የላቦራቶሪ ሳህን አውጥቼ ብርሃን ላይ ስመለከተው፣ ለሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትነት የምንሞክረው ውህድ በከፍተኛው መጠን የተጨመረባቸው ጉድጓዶች ቢጫ እንደሆኑ ቀርተው ነበር። በዚህ ምርመራ ሕያው ሕዋስ ቢጫውን ቀለም ወደ ሐምራዊ ስለሚለውጥ፣ ውህዱ የሰውን የጉበት ሕዋሳት ክፉኛ ጎድቷቸዋል ማለት ነው።

ውህዱን የመረጥነው የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ለማደግ የግድ የሚያስፈልገውን ፒኬኤንቢ የተባለ ካይኔዝ (በሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት የሚለጥፍ ኢንዛይም) ስለሚያግድ ነበር፤ ይሁን እንጂ የሰው ሰውነትም ከ500 በላይ ካይኔዞች ስላሉትና የሕዋስ የኃይል ምንጭ የሆነውን ኤቲፒን የሚይዙበት ኪስ ስለሚመሳሰል፣ የባክቴሪያውን ብቻ ለይቶ መምታት ቀላል አይደለም። (ባክቴሪያውን ሲገድል ባየሁበት ቀን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቸኩዬ ተደስቼ ነበር።) ለካንሰር ቢሆን ጥቂት ጉዳት ይታለፍ ይሆናል፤ ለወራት ለሚዋጥ የነቀርሳ መድኃኒት ግን፣ ያውም ነባሮቹ ኢሶኒያዚድና ፒራዚናማይድ ራሳቸው ጉበትን ሊጎዱ እንደሚችሉ እየታወቀ፣ የሚታለፍ አይመስለኝም። ነገ መጠኑን ቀንሼ እደግመዋለሁ።