ላሊበላን ከጣራው ወደ ታች

ከወልድያ ወደ ጋሸና የሚያወጣው መንገድ ብርዱ አይጣል ነው። ገና ሊደርስ ሲል ደግሞ መንገዱ በሰው ይሞላል። ነጠላ ያጣፉ እናቶች፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌዎች፣ ስንቃቸውን ያዘሉ ወጣቶች፣ ከቤታቸው ከወጡ ስንት ቀን የሆናቸው። እኔና ወንድሜ በሚኒባስ ነበርን። ከጋሸና ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስንደርስ መሽቷል። ከተማው መግቢያ ላይ ልጆች ውሃና ሳፋ ይዘው በእግሩ የመጣውን ሰው እግር ያጥባሉ። የማያውቁትን ሰው፣ አቧራ የጠጣ እግር፣ ጎንበስ ብለው። ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ ያደረገውን እነሱ በየዓመቱ ለእንግዳ ያደርጉታል።

ስለ ላሊበላ ብዙ ተብሏል። 11 አብያተ ክርስቲያናት፣ ከአለት የተፈለፈሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የተመዘገቡ። ይህን ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። እዚያ የምታዩት ሁሉ ማለት ይቻላል የአንድ ሌላ ነገር አምሳያ ነው። ከተማው ኢየሩሳሌምን ይመስላል። ድንጋዩ እንጨት መስሎ ተጠርቧል። ካህናቱ መላእክትን ሆነው ይዘምራሉ። በየሱቁ ደጅ ደግሞ ወጣቶች ቤተ ጊዮርጊስን በመዳፍ ልክ ይጠርባሉ። ከዚህ ሁሉ ሰው ዝቅ አድርጎ የሚያየው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው።

መጀመሪያ ኢየሩሳሌሟን። በአብያተ ክርስቲያናቱ ሁለት ክፍሎች መሀል የሚያልፈው ወንዝ ዮርዳኖስ ይባላል። ወቅቱ በጋ ስለሆነ ውሃ የለውም ነበር። ከአለቱ ራሱ ተጠርቦ የወጣ መስቀል ግን እዚያው ቆሟል፣ የጌታን ጥምቀት ለማሰብ። ደብረ ዘይት አለ፣ ጎልጎታ አለ፣ ቤተ ልሔም አለ፣ መቃብረ አዳምም አለ። እ.ኤ.አ. በ1187 ሳላሕዲን ኢየሩሳሌምን ከያዘ በኋላ ጉዞው ስለከበደ ንጉሥ ላሊበላ ኢየሩሳሌምን እዚሁ ላስታ ላይ ሠራት ይባላል። የታሪክ ሰዎች በምክንያቱ ይከራከራሉ። ስሞቹ ግን አሉ፣ ሰዉም በስሞቹ ይኖራል። አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት መስቀሉን እያዩ “እሰይ ልጄ፣ ኢየሩሳሌምን አየሁ፣ ከእንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝም” አሉኝ። ሲናገሩ ምንም ማስመሰል አልነበረበትም። ለእሳቸው ደርሰዋል፣ በቃ።

ቤተ ጎልጎታ ሴት አይገባም። ስለዚህ ወንድሜ ብቻውን ገብቶ ሲወጣ ያየውን ነገረኝ። ግድግዳው ላይ ቅዱሳን ተቀርጸዋል፣ የሰው ቁመት ያላቸው፣ ከድንጋዩ ወጣ ብለው። “ሰው ቆሞ የሚጠብቅህ ይመስላል” አለኝ።

የገና ሌሊት እንቅልፍ የለም። ሰዉ ሜዳውን፣ ጉድባውን፣ የአለቱን ጫፍ ሁሉ ይዞ ጧፍ እያበራ ያድራል። ዋናው ነገር የሚመጣው ጠዋት ነው፣ ቤተ ማርያም ላይ። ከቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያለው የአለት አፋፍ ማሜ ጋራ ይባላል። ካህናቱ ነጭ ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ጫፉን ይዘው ይሰለፋሉ። ከታች ግቢው ውስጥ ሌሎች ካህናት አሉ። የላይኞቹ መላእክት ናቸው፣ የታችኞቹ እረኞችና የምድር ሰዎች። “ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ” ይላሉ ከላይ፤ የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ። ከታች ይመልሳሉ። ከላይ ያሉት ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሲወዛወዙ ጸናጽሉ እኩል ይወርዳል፣ ከታች ከበሮው ይቀበላል፣ ከዚያ ሕዝቡ እልል ይላል፣ እንደገና ከላይ ይጀመራል፣ ቀስ ብሎ ተነስቶ እየፈጠነ እየፈጠነ ሄዶ መጨረሻው ላይ አፋፉ ራሱ የሚንቀሳቀስ ነው የሚመስለው። በቴሌቪዥን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። እዚያ ሲቆሙ ግን ሌላ ነው፣ ምክንያቱም ቦታው ራሱ የዝማሬው አካል ነው። ሰማይና ምድር ለማድረግ ከላይና ከታች ያስፈልጋል። ጉድጓድ ውስጥ የቆመ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ይህን በተፈጥሮው ይዞታል።

ከበሮ ይመታ የነበረ አንድ ዲያቆን በኋላ አረፍ ሲል ጠየቅሁት። ከበሮውን አዙሮ አሳየኝ። ሰፊው አፍ መለኮት፣ ጠባቡ ትስብእት፣ ማለትም ሰው መሆኑ፣ ነው አለኝ። በዙሪያው የተጠላለፈው ጠፍር ጌታ የተገረፈበት የሰንበር ምልክት ነው፤ ከላይ የተደረበው ጨርቅ ያለበሱት ልብስ። አመታቱም ሕማማቱን ያስታውሳል። አንድ ከበሮ ላይ ይህ ሁሉ አለ። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ወረብ፣ ያንን በከበሮና በጸናጽል የሚዘመረውን ዝማሬ፣ ስትሰሙ ጆሯችሁ ይቀየራል።

አሁን ወደ ጠራቢው። ከቤተ ጊዮርጊስ ወደ ከተማው በሚመልሰው መንገድ ዳር ትንሽ የቆርቆሮ ሱቅ አለችው። ደጁ ላይ ጆንያ አንጥፎ ተቀምጧል፣ እግሩ ሥር የድንጋይ ዱቄት። ዕቃዎቹ ጥቂት ናቸው፦ ሁለት ሦስት መሮ፣ መዶሻ፣ ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ጫፉ የሾለ ቀጭን ብረት። ድንጋዩ ለስላሳ ነው፣ በጥፍር ሲጫሩት ምልክት ይቀበላል።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቤተ ጊዮርጊስ አለ። አንዱ ርካሽ ነው፤ መስቀል ቅርጽ ያለው ድንጋይ ብቻውን የቆመ፣ መስኮቶቹ በሚስማር የተጫሩ። ሌላው ከነጉድጓዱ ነው። ሙሉ ድንጋይ ወስዶ ዙሪያውን ጉድባ ቆፍሮ መሀሉን ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ይተወዋል። “ለምን ሁሉንም እንደዚህ አትሠራም?” አልኩት። “እህቴ፣ ይሄኛው ሳምንት ይፈጃል። ያንን ደግሞ ሰው በቶሎ ይገዛል” አለኝ።

ሲሠራ ተቀምጬ አየሁት። የሚጀምረው ከጣራው ነው። መጀመሪያ ድንጋዩ ላይ በእርሳስ መስቀሉን ይነድፋል፣ ከዚያ በውስጡ ሁለተኛ መስቀል፣ በውስጡ ሦስተኛ። ጣራው ላይ ያሉት ሦስት አንዱ ባንዱ ውስጥ የገቡ መስቀሎች ሳይስተካከሉ ወደ ታች አይወርድም፤ ምክንያቱም ግድግዳው ሁሉ ከውጭኛው መስቀል መስመር ነው የሚወርደው። ከዚያ ጉድባውን ይቆፍራል። ጣራው ላይ የውሃ መውረጃ አሸንዳዎቹን አይረሳም። መስኮት በሁለት ረድፍ። ከላይ ያሉት ቀስት ቅርጽና አበባ አላቸው፤ ከታች ያሉት የጥንቱን ቤት መስኮት የመሰሉ ናቸው፣ ማዕዘናቸው ላይ አራት ጉብ ያለ ነገር ያላቸው፣ ያልተከፈቱ። በር ሦስት ነው፤ በምሥራቅ በኩል የለም፣ መቅደሱ ስለሆነ። መጨረሻ ላይ የቆመበት ደረጃ። በዚያች ቀጭን ብረት ደግሞ በበሩ በኩል ውስጡን ትንሽ ይቦረቡረዋል፣ ማንም እንደማያየው እያወቀ።

“ውስጡን ለምን?” አልኩት።

“ቤት ነው እኮ” አለኝ።

ይህ ልጅ የሚሠራበት ቅደም ተከተል ያኔ የተሠራበት ነው። ቤተ ጊዮርጊስም ከጣራው ነው የተጀመረው፤ መጀመሪያ ዙሪያውን ጉድባ ተቆፍሮ፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች እየተጠረበ፣ በመጨረሻም በበርና በመስኮት ተገብቶ ውስጡ እየተቦረቦረ። ድንጋይ ከተነሳ አይመለስም፣ ስለዚህ ስህተት ማረሚያ የለውም። በመጽሐፍ ሳነበው ነገሩ ገብቶኝ ነበር፤ እጁን ሳይ ግን አየሁት። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች አብያተ ክርስቲያናቱን በሌዘር ለክተው በኮምፒውተር ሞዴል ሠርተውላቸዋል። ትልቅ ሥራ ነው፣ አንድ ነገር ቢደርስ መጠኑ ተይዟል። እንዴት እንደተጠረበ የሚያውቀው ግን ጆንያው ላይ የተቀመጠው ልጅ ነው። ይህን ሰው ነው “ማስታወሻ ሻጭ” ብለን የምናልፈው። ይህን ሰው ነው አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ለአንድ ኬክ ሳንከራከር የምንከፍል ሰዎች በግማሽ ዋጋ ካልሸጥክ የምንለው። እባካችሁ አትከራከሩት።

ማዕዘኑ ላይ ስላሉት ጉብታዎች ጠየቅሁት። “የእንጨት ጫፍ ነው” አለኝ። “ነገ ቤተ አማኑኤልን እይው፣ ይገባሻል።”

ሄድኩ። የቤተ አማኑኤል ግድግዳ ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ እያለ በአግድም ይሄዳል። በአክሱም ዘመን ቤት ሲሠራ ድንጋይ ይደረደራል፣ በመሀሉ እንጨት ይጋደማል፣ ማሰሪያ እንጨቶች ደግሞ ጫፋቸው ከግድግዳው ወደ ውጭ ይወጣል። አጥኚዎች የዝንጀሮ ራስ የሚሏቸው እነዚህን ጫፎች ነው። ላሊበላ ውስጥ ግን አንድም እንጨት ሳይኖር አለቱ ያንን ቤት ሆኖ ተጠረበ። ይህ ደግሞ አዲስ አልነበረም። የአክሱም ሐውልቶችም እንዲሁ ናቸው፦ ከታች በር፣ በሩ ላይ ቁልፍ፣ ከዚያ መስኮት በመስኮት ላይ፣ በየፎቁ የእንጨት ጫፎች ተሰልፈው። የወደቀው ትልቁ 33 ሜትር ገደማ ነው፣ ባለ 13 ፎቅ ሕንፃ ተመስሎ የተቀረጸ። አንድ ወጥ ድንጋይ፣ ማንም የማይገባበት በር ያለው።

የመሠሉትን ነገር በእውን የሚያሳይ ቦታ ደግሞ አለ፣ ይምርሐነ ክርስቶስ። ከላሊበላ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በቢልባላ በኩል። መኪናው ከቆመ በኋላ በጽድ ደን ውስጥ አቀበት ትወጣላችሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ዋሻ ውስጥ ነው፣ የተፈለፈለ ሳይሆን የተገነባ። አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት፣ አንድ ረድፍ ነጭ የተለሰነ ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት፣ እንደገና ድንጋይ። የሠራው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ የቀደመ የዛግዌ ንጉሥ ነው። እንጨቱን በዓይኔ ካየሁ በኋላ የቤተ አማኑኤል ግድግዳ ትርጉሙ ቁልጭ አለልኝ። ምክሬ፦ ጊዜ ካላችሁ መጀመሪያ ይምርሐነ ክርስቶስ ሂዱ፣ ቀጥሎ ቤተ አማኑኤል፣ ከዚያ ቤተ ጊዮርጊስ። አስጎብኚዎች ብዙ ጊዜ ገልብጠው ነው የሚወስዱት።

በመስቀልም እንዲሁ ነው። ቤተ መድኃኔ ዓለም ያለው አፍሮ አይገባ የተባለው የወርቅ መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ቤልጂየማዊ የቅርስ ነጋዴ እጅ ተገኝቶ ነው የተመለሰው። መስቀሉ ባልነበረባቸው ዓመታትም ቅርጹ ከከተማው አልጠፋም። በእንጨት፣ በናስ፣ በሴቶች አንገት ላይ ባለ ጌጥ ላይ፣ በቀሚስ ጥልፍ ላይ ነበር። ሌባ ወርቁን እንጂ ቅርጹን መውሰድ አልቻለም፤ ያቆዩትም እነዚሁ “ማስታወሻ ሻጮች” ናቸው።

ከይምርሐነ ክርስቶስ ስመለስ ጠራቢው ሱቅ በድጋሚ ሄድኩ። ይምርሐነ ክርስቶስን ሠርቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። አልሠራም። ድንጋይ ብቻውን አይሆንም፣ እንጨቱ እውነተኛ መሆን አለበት አለኝ፤ ካልሆነ ቤተ አማኑኤል ይሆናል። ልክ ነው። ፎቶዎቼን አወጣሁለት፣ እያንዳንዱን ረድፍ በጣቱ ቆጠረ፣ የዋሻውን ጣሪያም አብሮ ልሥራው ወይስ ይቅር ብሎ ጠየቀኝ። አብሮ ይሁን አልኩትና ቀብድ ሰጠሁት። እንጨቱን አናጺ ወንድሙ በቀጫጭኑ ይሰነጥቅለታል። ከፋሲካ በፊት ግን አልጨርስም ብሎኛል።