ማሞቂያ ለማሰራት ድሬዳዋ

ድሬዳዋ ሄጄ ማሞቂያ አሰራሁ ስል የማይስቅብኝ የለም። ይሳቅ። እኔም ኤሌክትሪሺያኑ ፊት ቆሜ ጉዳዩን ሳስረዳ ሳቄ አምልጦኛል።

መኪናዋ የእህቴ ባል ናት። እኔ ጋሼ ነው የምለው። ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ፈረንጅ ነው የሸጠለት። አሜሪካ ሰራሽ፣ አልጋውም ምድጃውም ውስጧ ያለ፣ ቤት የምታህል መኪና ናት። ጋሼ እሷን ከገዛ ወዲህ ሆቴል የሚባል ነገር መስማት አይፈልግም። «ቤቴን ይዤ እየዞርኩ አልጋ የምከራየው ምን ሆኜ ነው?» ይላል። የታህሳስ ገብርኤልን ለማክበር ወደ ቁልቢ ስንነሳም ክርክሩ እዚያው ላይ አለቀ።

መንገዱን አላወራም። አዋሽ ላይ ላብ፣ አሰበ ተፈሪ ላይ ሻይ፣ ከዚያ በኋላ ጠመዝማዛ ብቻ። ጨለንቆን ስናልፍ መሽቷል፤ መኪና በመኪና ላይ ተደራርቦ መተላለፊያ የለም። እንደምንም አንድ ማሳ ዳር ቆምን። ሁለት ጎረምሶች «ጥበቃ ነን» ብለው 500 ብር ተቀበሉን። ጠዋት ጠባቂዎቹን የሚጠብቅ ቢኖር ጥሩ ነበር፤ አንዳቸውም አልተገኙም።

ወደ ሌሊቱ ልምጣ። ቁልቢ ደጋ ነው፤ የታህሳስ ብርዱ ደግሞ አጥንት ይበሳል። የመኪናዋ ማሞቂያ በሲሊንደር ጋዝ ነው የሚሰራው። ሙቀቱን የሚገፋው ፋን ያለው ልክ ከእኔ አልጋ ስር ነው። ቴርሞስታቱ «በረደ» ሲል ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይነሳል። ቀጥሎ እሳቱ ይያያዛል፣ ይሞቃል፣ እንቅልፍ ሸለብ ያደርገኛል። ከዚያ «ሞቀ» ይልና ቀጥ! ጸጥታው ራሱ ይቀሰቅሳል። ቅዝቃዜው በእግሬ በኩል ይገባና ጉልበቴ ላይ ሲደርስ ወፍጮው እንደገና ይነሳል። መስኮቱ በትንፋሻችን አልቦ አንገቴ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ዘጠኝ ጊዜ ድረስ ቆጥሬያለሁ። ጋሼ ከላይኛው አልጋ ላይ ያንኮራፋል። እናቴ ቤት ሽሮ ሜዳ ብርድ የሌለ ይመስል አንድ ጋቢ ተከናንቤ ያደግኩ ሰው፣ ማሞቂያ ባለው መኪና ውስጥ ስንቀጠቀጥ አደርኩ።

ሲነጋ በሩን ስከፍት አንዲት እናት ከመኪናችን ጎን በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ሜዳ ላይ ነው ያደሩት። ቆሎ ዘግነው ሰጡኝና «ልጄ፣ መኪናችሁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኮራፋ አደረ» አሉኝ። አፍሬ ይቅርታ ስጠይቅ፣ «ኧረ ምንም አይደል፤ በጎኑ የሚወጣው ትንፋሽ ሲያሞቀኝ ነው ያደረው» አሉ። ብርዱን ላማርር የከፈትኩትን አፌን በቆሎው ሞላሁት።

ሥርዓተ ንግሡ ላይ ቆሜ ሳይቀር ሐሳቤ ፋኑ ላይ ነበር (ገብርኤል ይቅር ይበለኝ)። ፋኑ ጨርሶ ባይቆምስ? የማያቋርጥ ድምጽ እኮ ይለመዳል። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ማንን ይቀሰቅሳል? ሰውን የሚያባንነው ተነስ ቀጥ፣ ተነስ ቀጥ ማለቱ ነው። ለጋሼ ነገርኩት። «ድሬ ኤሌክትሪሺያን ሞልቷል» አለ።

ደንገጎን ስንወርድ በየመታጠፊያው አንድ አንድ ልብስ አወለቅን። ድሬ ስንገባ ሁለታችንም በካናቴራ ነበርን። ጾም ስለሆነ ፈጢራውን በዓይኔ ብቻ በልቼ ፉል በዘይት አዘዝኩ። ከዚራ ዛፎቹ ስር ትንሽ ነፈስንና ሳቢያን በኩል መንገድ ዳር የሚሰራ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን አገኘን። ሽርጥ ለብሷል፤ ጉንጩ በጫት ሞልቷል።

«አቦ፣ ድሬ ላይ ማሞቂያ? ብርዱ ቁልቢ ላይ ጭንቅላታችሁን ነካው እንዴ!»

የጎረቤት ሱቆች ሁሉ ሰሙ። ሳቁ ካለቀ በኋላ፣ የራዲያተር ፋን ዳይሬክት እንደሚደረገው የእኛንም ዳይሬክት እንዲያደርግልን፣ ማለትም ቴርሞስታቱን ሳይጠብቅ በቀጥታ ከባትሪው ሁሌ እንዲዞር ጠየቅኩት። እንቢ ይላል ብዬ አልጠበቅኩም። እሱ ግን ማሞቂያውን ፈቶ ካየ በኋላ በእጁ ጠራኝ።

ሞተሩ አንድ ነው። ዘንጉ ላይ ግን ግራና ቀኝ ሁለት ፋን ተገጥሟል። አንዱ የመኪናውን አየር በጋለው ብረት ዙሪያ እያሳለፈ ወደ እኛ ይገፋል። ሌላው ከውጭ አየር ስቦ እሳቱን ይመግብና ጭሱን በጎን ያስወጣል። «ሁሌ ይዙር ካልክ፣ እሳቱ ሲጠፋ የውጩን ብርድ እየሳበ ብረቱን ያቀዘቅዝልሃል። በጋዝህ አሙቀህ በባትሪህ ታቀዘቅዛለህ ማለት ነው» አለኝ። ከዚያ አምፔሩን ለካ፤ 7 አካባቢ ነው። ካርቶን ላይ ጻፈልኝ፦ 10 ሰዓት ሲዞር 70 አምፔር-ሰዓት ይበላል። የእኛ ባትሪ ሞልቶ የሚይዘው 100 ነው። እንደዚህ ዓይነቱ ባትሪ ደግሞ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ያጥራል። «ጠዋት አምፖል እንኳ አይበራላችሁም።»

ጋሼ ጣልቃ ገባ፤ «ታዲያ ፍጥነቱን ቀንሰው።» ሰውዬው ካስማ የሚያህል ጣቱን አስገብቶ አንዲት ቀጭን ክዳን አሳየን። ፋኑ በደንብ ሲነፍስ አየሩ ክዳኗን ይገፋታል፤ እሷ ካልተገፋች ጋዙ አይከፈትም። ፍጥነቱ ሲቀነስ ማሞቂያው በቃ አይነሳም። እሷን አልፎ መቀጠል ይቻል እንደሆነ ጋሼ ሲጠይቅ፣ የሰውዬው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ኮስተር አለ። «ከሰል አፍኖት ሞተ ሲባል ሰምተህ አታውቅም? ያው ነው። ጭሱ በደንብ ካልወጣ ሽታ የለው፣ ምን የለው፣ ተኝታችሁ ትቀራላችሁ።» የቁልቢዋ እናት ትዝ አሉኝ። እግዜር ይስጠውና ያደሩት ሜዳ ላይ ነው።

መፍትሔው የ350 ብር ዕቃ ሆነ። ታይዋን ገበያ ልኮኝ በ12 ቮልት የሚሰራ የኮምፒውተር ፋን ገዛሁ። መዳፍ አይሞላም። የሚበላው ሩብ አምፔር ገደማ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢዞር ባትሪው ልብ አይለውም። ጣሪያው ስር ወደ ታች አዙሮ ሰቀለው፤ ፊውዝና የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ አደረገለት። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሙቀት ወደ ላይ ወጥቶ ጋሼ አልጋ ላይ ነው የሚከማቸው። ያንን ወደ እኔ እግር ማውረድ። ማሞቂያውን አልነካውም፤ እንደ ነበረ አሰረው። ለእጁ 1,500 ጠርቶ 1,000 ተቀበለ። ከዚያ ከጋሼ ጋር ስለ ድሮው ባቡር ወሬ ያዙ፤ ሻይ ራሱ ጋበዘን፤ ሂሳቡን ብንለምነው እንቢ አለ። አዲስ አበባ ቢሆን ለምክሩም ያስከፍለኝ ነበር።

ማታውን ሐረር ወጣን። ጀጎል አጥሩ ውጪ አቆምን። እንደ ቁልቢ ባይሆንም ይበርዳል። ትልቁ ፋን ያው ተነሳ፣ ያው ቆመ። ግን ሲቆም ጸጥታ የለም፤ ትንሿ ከላይ ዝዝዝ ትላለች። ቅዝቃዜውም ቶሎ አይመለስም፣ መስኮቱም አላለበም። ሌሊት ጅብ ሲጮህ አንዴ ነቃሁ፣ እሱ ደግሞ ሐረር ስለሆነ አይቆጠርም።

ጠዋት ጋሼ ዓይኑ ቀልቶ ከላይ ወረደ። «ይቺ ነገር ሌሊቱን ሙሉ እንደ ትንኝ ጆሮዬ ላይ ስትዘፍን አደረች! አልጋዬም በረደኝ» አለ። እንድትነሳ ይፈልጋል።

ማጥፊያዋ ያለችው በእኔ አልጋ በኩል ነው።