ሞገዱ ወደ ክሩ ያደላል፦ ከካርቦን ፋይበር ጋር እስካሁን የደረስኩበት

ሰላም ለሁላችሁ። የድምፅ ሞገድ በጠጣር ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ የጀመርኩት ጥናት ከብረት ወደ ካርቦን ፋይበር ተሻግሯል፤ ይህም በሬዚን (ሙጫ መሰል ፕላስቲክ) የተያያዙ ቀጫጭን የካርቦን ክሮች ማለት ነው። ደስ የሚለው ክፍል ገና አሁን ነው የመጣው።

ብረት ላይ ሞገድ ከተነሳበት ቦታ በየአቅጣጫው እኩል ይሮጣል። ክሮቹ በሙሉ በአንድ አቅጣጫ የተደረደሩበት ካርቦን ፋይበር ግን የእንጨት ጠባይ አለው። እንጨት በቁመቱ ሲመቱት ቶሎ ይፈለጣል፣ በአግድሙ እምቢ ይላል።

በተለመዱት ቁጥሮች አሰላሁት። ግትርነቱ (ለመለጠጥ ያለው እምቢታ) በክሩ አቅጣጫ 140 ጊጋፓስካል፣ በአግድሙ 10። እፍግታው በሜትር ኩብ 1,600 ኪሎ ግራም። ግትርነቱን ለእፍግታው አካፍሎ ስኩዌር ሩት መውሰድ ነው። በክሩ በሰከንድ 9,350 ሜትር ገደማ፣ በአግድሙ 2,500 ይወጣል። ብረት በዚሁ ቀመር 5,000 አካባቢ ነው። በ10 ማይክሮሰከንድ ሞገዱ በክሩ 9 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ፣ በአግድሙ ገና 2 ተኩል ላይ ነው። ስሌቱ ግምታዊ ቢሆንም ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ ጉልበቱ የሚሄድበት መንገድ ነው። ሞገዱን ከክሩ ሰያፍ አድርጋችሁ ብትልኩት፣ የሞገዱ ግንባር (የፊት ጠርዙ) ወደላካችሁት አቅጣጫ እንዳየ ይቀጥላል። ጉልበቱ ግን ወደ ክሩ ያዘነብላል። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስዕሉን ሳወጣው ደማቁ ክፍል ክሩን ተከትሎ ተንሸራቶ አየሁት። በሞገድ የተደበቀ ጉዳት ለሚፈልግ መርማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሴንሰሩን ፊት ለፊት ቢተክል ዋናው ሞገድ በጎኑ ሊያልፈው ይችላል። ካርቦን ፋይበሩ የሚሠራባቸው የክር ንብርብሮች በተለያየ አቅጣጫ ሲደረደሩ ችግሩ ይቀንሳል።

የቦይንግ 787 አውሮፕላን ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት (እንደ ካርቦን ፋይበር ያለ ድብልቅ ቁስ) ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያበረዋል። እንዲህ ያለ አካል ላይ መፍቻ ቢወድቅ፣ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ንብርብሮቹ ሊላቀቁ ይችላሉ። የተላቀቀው ቦታ ላይ ክፍተት ስለሚፈጠር ለምርመራ የሚላከው አልትራሳውንድ (ጆሮ የማይሰማው የድምፅ ሞገድ) እዚያ ሲደርስ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይመለሳል። ጉዳቱ የሚጋለጠው በዚህ ነው።

አሁን የያዝኩት የሞገዱን መዳከም ነው። ሬዚኑ ጉልበቱን እየዋጠ ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። ፍሪኩዌንሲው (ሞገዱ በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) ከፍ ሲል መዋጡ ይብሳል፣ ዝቅ ሲል ደግሞ የሞገድ ርዝመቱ ይጨምርና ትንንሽ ጉዳት ያመልጣል። ከናንተ መሃል ግላስ ፋይበር ላይ የለካ ካለ ቁጥሩን ያካፍለኝ፣ ከስሌቴ ጋር ላስተያየው።