ጠርሙሷን ከትራሴ ሥር ያወጣሁ ሰሞን

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እጄ ትራሴ ሥር ገብቶ የሚፈልጋት አንዲት ትንሽ ነጭ የአፍንጫ ስፕሬይ ጠርሙስ ነበረች። መብራት አላበራም። ክዳኗን በአውራ ጣቴ ከፈት፣ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ፣ ከዚያ ጋደም። ትንሽ ቆይቶ አየሩ እስከ ግንባሬ ድረስ ይዘልቃል። እፎይ እላለሁ። ሲነጋ ግን አፌ ደርቆ፣ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቆ እነቃለሁ። እጄም እንደገና ወደ ትራሱ ይሄዳል።

እንዲህ እያደረግኩ 2 ዓመት ከ4 ወር ኖሬያለሁ። ዛሬ ይህን የምጽፈው ጠርሙሷን ካቆምኩ 7 ወር ስለሞላኝ ነው። ትራሱ ሥር ያቺው ጠርሙስ ያለችው ሰው ቢያነበው ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል።

አፍንጫ መዘጋት በሽታ አይመስልም። ማንም አልጋ ይዞ አይጠየቅበትም። ሰው ሲያየኝ “ጉንፋን ያዘሽ?” ይለኛል፤ “አዎ” ብዬ አልፋለሁ። ለእታለም ስደውልላት ገና “ሀሎ” ከማለቴ “ምን ሆነሻል? ስታለቅሺ ነበር እንዴ?” ትለኛለች። ድምፄ ሁልጊዜ ያለቀሰ ሰው ድምፅ ነበር። ማዕድ ላይ ሌላ ፈተና አለ። ማላመጥና መተንፈስ አብረው አይሄዱም። ሁለት ሦስቴ አላምጣለሁ፣ አፌን ከፍቼ አየር እወስዳለሁ፣ ደግሞ አላምጣለሁ። በዚህ ምክንያት ከሰው ጋር መብላት እየሸሸሁ መጣሁ። ባለቤቴ ደግሞ ማንኮራፋቴ ሲበዛበት ትራሱን ይዞ ወደ ሳሎን የሚሄድባቸው ሌሊቶች ነበሩ። አንድም ቀን አላማረረም። እኔ ግን በሩ ሲዘጋ እሰማው ነበር።

ከሁሉም የከፋብኝ ግን የእታለም ልጅ ስትወለድ ነው። ቤቱ ሙሉ ሰው ሕፃኗን እየተቀባበለ አናቷን ይስማል። “ወይ ጠረኗ!” ይላል ሁሉም። እታለም አምጥታ እቅፌ ላይ አስቀመጠቻት። “እስኪ አሽትቻት፣ ይኼ እኮ ሁለተኛ አይገኝም” አለችኝ። አፍንጫዬን ያቺ ለስላሳ አናት ላይ አድርጌ ሳብኩ። ምንም የለም። ሙቀቷ ይሰማኛል፣ ፀጉሯ ከንፈሬን ይነካኛል፣ ሽታ ግን የለም። “በጣም ደስ ይላል” ብዬ ዋሸሁ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ጠርሙሷንም አውጥቼ ነፋሁ።

እስከዚያ ድረስ ሦስት ጊዜ “ሳይነስ ነው” ተብዬ አንቲባዮቲክ ወስጃለሁ። ሦስቱም ጊዜ ስለ ጠርሙሷ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም አልተናገርኩም። የደበቅኩት አይደለም፤ መድኃኒት እንደምወስድ አልቆጥረውም ነበር። ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ነገር ነዋ።

በመጨረሻ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጫፏ ላይ ካሜራ ያላት ቀጭን ቱቦ በአፍንጫዬ አስገብቶ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ያየሁት እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ቀላ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የተነፋ ሥጋ ከመሃለኛው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ መንገዱን ሞልቶታል። ንፍጥ ፈለግኩ፤ የለም ማለት ይቻላል። “ታያለሽ? የዘጋሽ ንፍጥ አይደለም፤ ሥጋው ራሱ አብጦ ነው” አለኝ። ስንት ጊዜ ተናፍጬ፣ ተናፍጬ፣ ጆሮዬ እስኪደነቁር ገፍቼ የማይወጣው ለዚህ ኖሯል። የሚወጣ ነገር አልነበረማ።

ነገሩን እንዲህ አስረዳኝ። በአፍንጫችን ጎንና ጎን ተርቢኔት የሚባሉ በደም ሥር የተሞሉ ሥጋማ እጥፋቶች አሉ። ሥራቸው የምንስበውን አየር ማሞቅ፣ ማርጠብና ማጣራት ነው። ደም ሲሞላባቸው ያብጣሉ፣ ሲቀንስ ይሟሽሻሉ። ደግሞ በተራ ነው የሚሠሩት። አንዱ ጎን ለተወሰኑ ሰዓታት ሲያብጥ ሌላው ይከፈታል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ብዙ ጤነኛ ሰው ላይ ይህ ይከሰታል፤ ልብ አይለውም እንጂ። ሪቻርድ ካይሰር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ይህን የጻፈው በ1895 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ ደግሞ አንድ ሌሊት ግራው፣ አንድ ሌሊት ቀኙ ሲዘጋብኝ በሽታዬ የሚዘዋወር ይመስለኝ ነበር! በጎን ስንተኛ ከታች የዋለው ቀዳዳ የሚዘጋውም እነዚሁ እጥፋቶች ስለሚያብጡ ነው። በቀኜ ተኝቼ ቀኙ ሲደፈን፣ ዞሬ በግራዬ ስተኛ ደግሞ ቀኙ ቀስ ብሎ ሲከፈትልኝ ስንት ሌሊት አድሬያለሁ።

ከዚያ “ምን ትጠቀሚያለሽ?” አለኝ። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ጽሑፉን አነበበ። ኦክሲሜታዞሊን። “ስንት ጊዜ ሆነሽ?” አለኝ። ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠና ትንሽ ዝም አለ። “እኅቴ፣ አሁን አፍንጫሽን የዘጋው ይኼ ነው” አለኝ።

ይህች መድኃኒት የደም ሥሮቹን ታጠብቃለች፤ ሥጋው ይሟሽሽና አየር ያልፋል። ኃይሏ ሲያልቅ ግን ሥሮቹ ተመልሰው ይሞላሉ። ለቀናት ደጋግመን ስንጠቀማት እብጠቱ ከመጀመሪያው ብሶ ይመጣል። ያንን ለማስታገስ እንደገና እንነፋለን። ዚሎሜታዞሊንም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ቤት ስገባ ካርቶኗን ፈልጌ የታጠፈችውን ወረቀት ዘረጋሁ። በደቃቅ ፊደል፣ ከ3 ቀን በላይ አትጠቀሙ ይላል። 3 ቀን! ወረቀቱን ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ብዙ ቆየሁ። በራሴ ላይ አልተናደድኩም። ያዘንኩት መተንፈስ ፈልጌ ያደረግኩት ነገር ትንፋሼን ስለወሰደብኝ ነው።

እርግጥ ጠርሙሷ ከመምጣቷ በፊትም አንድ ነገር ነበር። ምርመራው የአቧራ ትኋን አለርጂ እንዳለብኝ አሳየ። በዓይን የማትታይ፣ አልጋና ትራስ ውስጥ የምትኖር ፍጥረት ናት። ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት የሚብስብኝ። የመሃለኛው ግድግዳዬም ትንሽ ጠመም ያለ ነው። “እሱ ብዙ ሰው ላይ አለ፣ ለቀዶ ጥገና አትቸኩዪ” ተባልኩ። መጀመሪያ እብጠቱ ይውረድ፣ ከዚያ የሚቀረውን እናያለን ነው ነገሩ።

ያዘዘልኝ የስቴሮይድ ስፕሬይ ነው። ይሄኛው ሌላ ነው። እብጠቱን ከሥሩ ያበርዳል እንጂ በደቂቃ አይከፍትም። ሙሉ ውጤቱን ለማየት አንዳንዴ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ቀደም ሲል አንድ ጊዜ ታዞልኝ በ4ኛው ቀን “አይሠራም” ብዬ የጣልኩት እሱኑ ነበር። ለካ አነፋፌም ልክ አልነበረም። አንገቴን ወደ ኋላ አጋድሜ፣ ጫፉን ወደ መሃሉ አድርጌ፣ በኃይል ስቤ ጉሮሮዬ ውስጥ እከተው ነበር። መራራው አፌ ላይ ይቀራል፣ አንዳንዴም ይነስረኛል። አንዲት ነርስ እጄን ይዛ አሳየችኝ። አንገት ትንሽ ወደ ታች። ለግራው ቀዳዳ ቀኝ እጅ፣ ለቀኙ ግራ እጅ። ጫፉ ወደ ውጭ፣ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ይመልከት። ሲነፋ አበባ እንደምታሸቱ ቀስ አድርጎ መሳብ። በቃ። ይህቺ የሁለት ደቂቃ ትምህርት ለኔ ከብዙ ማዘዣ በልጣለች።

የድሮዋን ጠርሙስ ደግሞ በአንድ ቀን አላቆምኳትም። አንዱን ቀዳዳ መጀመሪያ፣ ሌላውን በኋላ ተባልኩ። ግራውን ሙሉ በሙሉ አቆምኩ፤ ለቀኙ ማታ ማታ ብቻ። ጠርሙሷንም ለባለቤቴ አስረከብኩት። “ብለምንህም ለግራው እንዳትሰጠኝ” አልኩት።

ለመንኩት። በ4ኛው ሌሊት ግራው ፍጹም ተደፍኖ፣ ግንባሬ ከብዶ፣ አልጋ ላይ ተቀምጬ “አንዴ ብቻ” አልኩት። ተነሥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። “ለቀኙ ነፍተሻል። ለግራው አይሆንም፣ የኔ ቆንጆ” አለኝ። ሁለት ትራስ ከጀርባዬ አድርጎ ቀና አደረገኝ። ከፍ ብሎ መተኛት ይረዳል፤ ደሙ ወደ ጭንቅላት ያን ያህል አይሞላም። ሳይተኛ አብሮኝ አነጋ። ወደ ሳሎን አልሄደም።

እታለም በበኩሏ በየቀኑ እየመጣች ጉንጬንና ግንባሬን ሜንቶል ታሻሽልኛለች። ሜንቶል አፍንጫ አይከፍትም። የሚነካው ቅዝቃዜ የሚሰማውን ነርቭ ስለሆነ አየር የገባ ይመስለናል፤ በመሣሪያ ሲለካ የሚያልፈው አየር ያው ነው። ይህን እያወቅኩም እጇን አልከለከልኳትም። በዚያ ሰሞን “የመሰለኝም” ይበቃኝ ነበር። የሚዋጡትን የጉንፋን ክኒኖች ግን ተውኩ። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ፌኒሌፍሪን በአፍ ሲወሰድ አፍንጫ እንደማይከፍት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አማካሪዎች በ2023 እ.ኤ.አ. በአንድ ድምፅ ወስነዋል።

ከምንም በላይ የያዘኝ የጨው ውኃ ነው። ውኃ አፈላና አቀዘቅዛለሁ። ለብ ሲል አዮዲን የሌለው ጨው እጨምራለሁ፤ ለ1 ሊትር 9 ግራም። ከዚህ ካነሰም ከበዛም ያቃጥላል። መታጠቢያው ላይ ጎንበስ፣ ጭንቅላቴን ዘንበል፣ አፌን ከፍቼ “ካ” እላለሁ፤ ያኔ ውኃው ወደ ጉሮሮ አይወርድም። በላይኛው ገብቶ በታችኛው ይወጣል። የመጀመሪያው ቀን የሰመጥኩ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ለመድኩት። እባካችሁ አንድ ነገር ብቻ ስሙኝ፦ ያልፈላ የቧንቧ ውኃ በአፍንጫችሁ አታስገቡ። ኔግሌሪያ ፋውለሪ የምትባል አሜባ አለች። ብትጠጣ አትጎዳም፤ በአፍንጫ ከገባች ግን ወደ አንጎል ትሄዳለች። ብርቅ ነው፤ የያዘችው ሰው ግን የሚተርፈው በጣም ጥቂቱ ነው። ማፍላት ደግሞ ቀላል ነው።

አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ማጠብ ጀመርን። ትራሱ ራሱም ተቀየረ።

በ9ኛው ሌሊት ወደ 10 ሰዓት ገደማ ነቃሁ። አፌ ተዘግቷል። ለምን እንደነቃሁ አልገባኝም። ከዚያ በግራው ቀዳዳዬ ጫፍ ላይ አንዲት ቀጭን ቅዝቃዜ ተሰማችኝ። ስተነፍስ ትሞቃለች፣ ስስብ ትቀዘቅዛለች። ትሞቃለች፣ ትቀዘቅዛለች። እንዳትጠፋ ፈርቼ አልተንቀሳቀስኩም። ቆይቼ ባለቤቴን ነካ አደረግኩት። “ምን ሆንሽ?” ብሎ ደንግጦ ተነሣ። “ግራው ተከፈተ” አልኩት። እጄን ያዘና ምንም አላለም።

ቀኙ ሌላ ሁለት ሳምንት ወሰደ። አሁንም ስቴሮይዱን እወስዳለሁ፣ ጨዋማውን ውኃም ማታ ማታ እጠቀማለሁ። አሁንም የሚደፍነኝ ቀን አለ። እንደ እኔ ከሆናችሁ ለሐኪማችሁ ጠርሙሷን ይዛችሁ ሂዱ፤ ስሟን ከመናገር ማሳየቱ ይሻላል። ሁልጊዜ አንዱ ወገን ብቻ የሚዘጋባችሁ፣ ደም የሚቀላቅልባችሁ፣ ወይም ዓይናችሁ ዙሪያ የሚያብጥባችሁ ከሆነ ደግሞ አትቆዩ፤ እሱ የኔ ዓይነት ነገር ላይሆን ይችላል።

ባለፈው እሑድ እታለም ቤት ሄድኩ። ልጅቷ ሁለት ዓመት አልፏታል። ታጥባ ገና መውጣቷ ነበር፤ ፎጣዋን እየጎተተች ሮጣ መጥታ ጭኔ ላይ ወጣች። አፍንጫዬን አናቷ ላይ አደረግኩ። ያ የአራስ ጠረን አሁን የለም፤ አምልጦኛል። ሳሙና ሸተተኝ። ከሳሙናው ሥር እርጥብ ፀጉር፣ ከዚያ ሥር ደግሞ ስም የማላገኝለት፣ የሷ ብቻ የሆነ አንድ ነገር። እታለም ከወዲያ ሆና “ምነው ለቀቅ አድርጊያት እንጂ፣ ፀጉሯን ላድርቅ” ስትል ሰማሁ። “ቆይ፣ ትንሽ ብቻ” አልኳት።