በሩ ለሷ ተከፈተ

ቪዲዮ ጌም በሚሠራ ቡድን ውስጥ እንደምሠራ ስናገር ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነው። «ቀኑን ሙሉ እየተጫወትክ ይከፈልሃል በለኛ!» እውነት ነው፣ እጫወታለሁ። አንድን በር ሁለት መቶ ጊዜ ከፍቶ መዝጋት ጨዋታ ከተባለ ማለቴ ነው። ሥራዬ ፍተሻ ነው። ጌሙ ሳይወጣ በፊት የሚበላሽበትን ቦታ እንፈልጋለን፤ ያገኘነውን ባግ መዝግበን ለፕሮግራመሮቹ እንልካለን። ባግ ያልኩት የፕሮግራም ስህተቱን ነው። እኛ ጋ አጠራሩ ወደ «በግ» ስለሚጠጋ «ዛሬ ስንት ያዝክ?» መባባል ለምዶብናል።

ይህ ገጠመኝ የደረሰብኝ፣ ወይም ትክክሉን ለመናገር እኔ ያደረስኩት፣ አራት ሰው አንድ ላይ የሚጫወተውን ክፍል ስንሠራ ነው። ጌመሮች ኮኦፕ ይሉታል። ተጫዋቾቹ እርስ በርስ አይፋለሙም፤ በአንድ ወገን ሆነው ኮምፒውተሩን ይገጥማሉ። ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። ጋንትሌት የተባለው የአታሪ ኩባንያ የጌም ማሽን እ.ኤ.አ. በ1985 አራት ሰው ጎን ለጎን አቁሞ ያጫውት ነበር። እዚያ ጌም ውስጥ ጉልበትህ ቆመህም ያልቃል። መሬት ላይ ምግብ ይገኛል፤ የሚበላው ግን ቀድሞ የደረሰው ብቻ ነው። ጓደኛህ ነፍሱ ልትወጣ ትንሽ ሲቀራት አንተ ሆድህ ሳይጎድል ሮጠህ ልትበላበት ትችላለህ። አብሮ መጫወትና መተባበር ለየቅል መሆናቸው ያኔም የታወቀ ነበር ማለት ነው። ለኔ ግን ገና አልደረሰኝም።

በኛ ጌም ሦስተኛ ሚሽን ላይ አንድ ትልቅ የብረት በር አለ። በግራና በቀኙ ሁለት እጀታዎች ተተክለዋል። ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እኩል ካልሳበ አይከፈትም። ቢሮ ውስጥ ይህንን በር ለወራት ስንከፍተው ኖረናል። አራታችን ጎን ለጎን ተቀምጠን «ያዝ! ሳብ! ከኋላሽ! ከኋላሽ!» እያልን እንጮሃለን፤ በሩም ይከፈታል። በጣም ቀላል ነበር። እንዲያውም «ይሄማ ቀለለ» ብዬ ጽፌያለሁ።

አንድ ተጨማሪ ነገርም ጽፌያለሁ። በየሚሽኑ መጨረሻ ተጫዋቾቹን በነጥብ የሚደረድር ሰንጠረዥ ይኑር፤ ብዙ ጠላት የገደለ አንደኛ ይውጣ፤ አንደኛ የወጣው ለቀጣዩ ሚሽን መሣሪያ ቀድሞ ይምረጥ። ሐሳቡ የኔ ነው። ስብሰባ ላይ ሳቀርበው ተጨብጭቦልኛል።

በዚያው ሰሞን አለቃችን እኛንም ደረደረን። ግድግዳው ላይ አንድ ሰንጠረዥ ተለጠፈ፤ በአንድ በኩል የፈታሾች ስም፣ በሌላ በኩል እያንዳንዱ ያገኘው ባግ ብዛት። ሌላ ፈታሽ ሞክሮት እንደገና ስላልታየ «አልተደገመም» ተብሎ የተዘጋ ባግ ካለህ ይቀነስብሃል። ከሰንጠረዡ በላይ በትልቁ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ ተጽፏል። ያኔ ማንም አልሳቀም። እኔ አንደኛ ነበርኩ፤ ምን ያስቀኛል?

ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ሁለተኛ ነበረች። በጣም ጎበዝ ናት፤ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። አንድ ቀን ወንበሯን ወደኔ ሳብ አድርጋ «በሩ ላይ አንድ ነገር አግኝቻለሁ» አለችኝ። «ብቻዬን ግን ልደግመው አልቻልኩም። ግማሽ ሰዓት ሁለተኛውን ጆይስቲክ ትይዝልኛለህ?»

«ይቺን ልጨርስና» አልኳት።

ከምሳ በኋላ መጣች። «ነገ ይሁንልኝ» አልኳት። በማግስቱም መጣች። እውነቱን ለመናገር ያን ያህል ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። ግማሽ ሰዓት የሷን ጆይስቲክ ብይዝ ባጉ በሷ ስም ነው የሚመዘገበው። በዚያ ግማሽ ሰዓት እኔ የራሴን ሁለት እይዛለሁ። ሒሳቡን ጮክ ብዬ አላሰብኩትም እንጂ አስቤዋለሁ።

የኮኦፕ ባግ አስቸጋሪነቱ እዚህ ላይ ነው። ሌላውን ባግ ብቻህን ቁጭ ብለህ ታድነዋለህ። የኮኦፕ ባግ ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ያውም በሁለት ማሽን ላይ። ሰዎች በኢንተርኔት ሲጫወቱ አንድ ዓለም ውስጥ ያሉ ይመስላቸዋል እንጂ እያንዳንዱ በራሱ ማሽን ላይ የራሱን ቅጂ ነው የሚያየው። በኛ ጌም ከአራቱ ማሽኖች አንዱ ዳኛ ይሆናል፤ ሆስት እንለዋለን። አንተ እጀታውን ስትስብ ወሬው ወደ ሆስቱ ይሄዳል፣ ሆስቱ ይወስናል፣ ውሳኔው ወደ ሁሉም ይመለሳል። አንድ ክፍል ውስጥ ከሆናችሁ ጥቂት ሚሊሰከንድ ነው። ተራርቃችሁ ከሆነ 100 ወይም 200 ሚሊሰከንድ ሊደርስ ይችላል። ለሰው ይህ ምንም አይደለም። እኩል ለሚሳቡ ሁለት እጀታዎች ግን ብዙ ነው።

ልጅቷ ይህን ገምታ ኔትወርኩን ሆን ብሎ በሚያዘገይ ፕሮግራም ስትሞክር ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሌላ ፈታሽ በአጋጣሚ አብሯት እያለ፣ በሩ ለአንዱ ተከፍቶ ለሌላው ተዘግቶ ሲቀር አየች። መዘገበችው። ለመድገም የሚያስፈልገው በሚለው ቦታ ላይም «ሁለት ሰው፣ ሁለት ማሽን» ብላ ጻፈች።

እንዲረጋገጥ የተላከው ለኔ ነበር። ምን አደረግኩ? አንዱን ጆይስቲክ በቀኝ፣ ሌላውን በግራ እጄ ይዤ፣ በአንድ ማሽን ላይ ስክሪኑን ለሁለት ከፍዬ አሥር ደቂቃ ሞከርኩ። በአንድ ማሽን ላይ ሆስትም እኔው፣ እንግዳም እኔው። ምንም መዘግየት የለም። በሩ ሁልጊዜ ተከፈተ። «አልተደገመም» ብዬ ዘጋሁት። ከሷ አንድ ተቀነሰ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የውጭ ተጫዋቾች ጋበዝን። አሥራ ሁለት ሰዎች፣ ሦስት ቡድን፣ ሁሉም የማይተዋወቁ፣ ሁሉም በየቤታቸው። ብዙዎቹ ማይክ አልከፈቱም። እኛ ስክሪኖቻቸውን እየቀዳን እናያለን።

ሦስተኛው ሚሽን ላይ ሦስቱም ቡድን ቀለጠ። አንደኛው ቡድን በሩ ጋ ደረሰ፣ ሁለቱ ሳቡ፣ ለሆስቱ ተከፈተ፣ ለሌላው አልተከፈተም። ሆስቱ ገብቶ ሄደ። በሱ ስክሪን ላይ ጓደኛው ክፍት በር ፊት ቆሞ በባዶ አየር ላይ ይንደፋደፋል። በጓደኛው ስክሪን ላይ ደግሞ ሆስቱ በብረት ውስጥ አልፎ ሄደ። ያ ሰው እጀታውን ለአሥራ አራት ደቂቃ ሳበው። ቆጥሬያለሁ። በመጨረሻ ጌሙን ዘግቶ ወጣ።

የሌሎቹ ሁለት ቡድኖች ጉዳይ ግን ከባጉ ይብሳል፤ ምክንያቱም እዚያ የተበላሸ ነገር የለም። ሁሉም እንደተሠራው ሠርቷል። ከስክሪኖቹ ከቀዳነው በአንዱ ቅጂ ላይ አንድ ተጫዋች ቆስሎ ወድቋል። በኛ ጌም የወደቀ ሰው ይሳባል እንጂ አይነሳም፤ ጓደኛው አራት ሰከንድ አጠገቡ ቆሞ ሊያነሳው ይገባል። እየተሳበ ወደ አንዱ ጓደኛው ቀረበ። ጓደኛው ዞር ብሎ አየው። ካሜራው በግልጽ ወደ ወደቀው ሰው ዞሮ ይታያል። ከዚያ መልሶ ዞረና ወደ ጠላቶቹ ሮጠ።

አልፈረድኩበትም፤ በአራት ሰከንድ ውስጥ ሦስት ጠላት ይገደላል። ሰው ያነሳ ግን በሰንጠረዡ ላይ ምንም አያገኝም። እኔ ራሴ ነኝ እንዲህ እንዲሆን የጻፍኩት።

ሪፖርቴ ላይ የጻፍኩት ግን ይህን አልነበረም። «ተጫዋቾቹ የትብብር ልምድ የላቸውም» ብዬ ነው የጻፍኩት። ስብሰባው ላይም እሱኑ አነበብኩ። አለቃችን ዝም ብሎ ሰማኝና «እሺ፣ በሩስ? ይህንን በር ማንም ሳያየው ቀረ?» አለ። ልጅቷ ምንም አልተናገረችም። ላፕቶፗን ከትልቁ ስክሪን ጋር አገናኘችና የዘጋሁትን መዝገብ ከፈተች። «ሁለት ሰው፣ ሁለት ማሽን።» ከሥሩ «አልተደገመም»። ከሥሩ የኔ ስም።

እንዲያ ያለ ዝምታ አትመኙ።

ጆሮዬ እየጋለ ያ ቅጂ ትዝ አለኝ። ወደ ወደቀው ዞሮ አይቶ የሮጠው ሰውዬ። ሦስት ጊዜ ወንበሯን ስባ መጥታ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ዞሬ አይቻታለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ሌሎች እንዴት እንደሠሩት በማየት አሳለፍነው። እኔን የገረመኝ ሌፍት ፎር ዴድ ነው፤ የቫልቭ ኩባንያ ሥራ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ። እሱም አራት ሰው ነው የሚያጫውተው። አንዱ ጠላት በረጅም ምላሱ አንቆ ይጎትትሃል፤ ሌላው ዘሎ መሬት ላይ ያጣብቅሃል። ከተጣበቅክ በኋላ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆን ራስህን ማዳን አትችልም። ሌላ ሰው መምጣት አለበት። ነገ አንተ እንደምትያዝ ስለምታውቅ ዛሬ ጓደኛህን ትተህ አትሮጥም። ደግነት አይደለም፣ ሒሳብ ነው። የሚገርመው እነሱም መጨረሻ ላይ ማን ስንት እንደገደለ ያሳያሉ። ቁጥሩ ግን ምንም አይገዛም። ታይቶ ያልፋል። የኛ መሣሪያ ያስመርጥ ነበር።

ልጅቷ ደግሞ ፖርታል 2ን አመጣች፤ እሱም የቫልቭ ነው፣ የ2011። ሁለት ሰው ብቻ የሚጫወተው ክፍል አለው። እዚያ ያለ ማይክ ለጓደኛህ «እዚህ ጋ» ብለህ ቦታ መጠቆም ትችላለህ። ከዚያም በላይ፣ ስክሪኑ ላይ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ እያለ የሚቆጥር ነገር አለ፤ ሁለታችሁ አንድን ነገር እኩል እንድታደርጉ። «ይኸውልህ የኛ በር» አለችኝ። እኛ ቢሮ ውስጥ «ሳብ!» ብለን የምንጮኸውን እነሱ ጌሙ ውስጥ ከተውታል። ለወራት በሩን ሲከፍትልን የኖረው ጩኸታችን ነበር ማለት ነው።

ማስተካከያው ረጅም አልነበረም። የተሳበ እጀታ ለሦስት ሰከንድ እንደተሳበ ይቆያል፤ ሆስቱ ሁለተኛውን ይጠብቃል። ቆጣሪ ገባ። መጠቆሚያ ገባ። የነጥብ ሰንጠረዡ ወጥቶ የቡድን ውጤት ብቻ ቀረ። ለዚህኛው ተከራክሬያለሁ፤ ሰው የራሱን ሐሳብ ሲቀብር ትንሽ ማልቀስ አለበት። በሁለተኛው ሙከራ ከሦስት ቡድን ሁለቱ ሚሽኑን ጨረሱ። ሦስተኛው በሩን አልፎ ሌላ ቦታ ገደል ገባ፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው። የግድግዳው ሰንጠረዥም አንድ ጠዋት ስንገባ የለም። ተረቱ ግን አሁንም አለ፣ ብቻውን።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን፣ የስብሰባው ዕለት ማታ፣ ሁሉም ሲወጣ እኔ ወንበሬን ወደሷ ሳብኩ። «ሁለተኛውን ጆይስቲክ ስጪኝ» አልኳት። አየችኝና «ይቺን ልጨርስና» አለች። ከዚያ ሳቀች፤ ሰጠችኝ።

መዘግየቱን 150 ሚሊሰከንድ ላይ አደረገችው። እሷ ሆስት፣ እኔ እንግዳ። ሳብን፤ ተከፈተ። ሳብን፤ ተከፈተ። በአሥራ ዘጠነኛው ሙከራ በሩ ለሷ ተከፈተ፤ ለኔ ተዘግቶ ቀረ። የኔ ማሽን የራሱን እጀታ ገና እየሳበ ስለነበር «ተከፍቷል» የሚለውን መልእክት ጥሎት ኖሯል። እሷ ገብታ ስትሄድ አየኋት፤ በብረቱ ውስጥ አልፋ።

መዝገቡን እንደገና ከፈትነው። «ያገኘው» በሚለው ቦታ ላይ የሁለታችንንም ስም ልትጽፍ ሞከረች። ፎርሙ አልተቀበላትም። ከአንድ ስም በላይ አይወስድም።

«ያንቺን ጻፊ» አልኳት።

ፎርሙ እስከዛሬ አልተስተካከለም። እሱንም ባግ ብዬ መዝግቤያለሁ።